ልጁ ስንት አመጣ ከማለታችን በፊት ስንት ወሩ ነው እንበል

ለአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ትምህርት ቢሮ
ለክፍለ ከተማና ለወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤቶች
ለአንደኛ ደረጃ ርዕሳነ መምህራን፣ መምህራንና ወላጆች

ጉዳዩ፦ በአንድ ክፍል የሚማሩ ልጆች የዕድሜ ልዩነት ከውጤታቸው ጋር አብሮ እንዲመዘገብና እንዲታይ ስለመጠየቅ

እኛ በአራዳ፣ በልደታና በቂርቆስ ክፍለ ከተሞች ከ1ኛ እስከ 6ኛ ክፍል የምናስተምርና ተቀራራቢ ትምህርት ቤቶችን በሚያስተባብሩ የጉድኝት ማዕከላት በሱፐርቫይዘርነት የምንሠራ ባለሙያዎች ነን። የምንጠይቀው አንድ ነገር ነው። የተማሪው ዕድሜ በዓመት መጻፉ ቀርቶ በወር ይቆጠር፣ በሮስተሩም (በክፍሉ የስምና የውጤት ዝርዝር) ላይ ከስሙ ጎን ይስፈር፤ ከ1ኛ እስከ 3ኛ ክፍል ደግሞ የማንም ልጅ ውጤት ዕድሜው ሳይታይ ለደረጃ፣ ለማስደገም ወይም “ደካማ” ለማለት አይዋል። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የዚህ ማብራሪያና ማስፈጸሚያ ነው።

ለ1ኛ ክፍል የተወሰነው ዕድሜ 7 ዓመት መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። ነገር ግን “7 ዓመት” የሚለው ጽሑፍ ብዙ ይደብቃል። በ2018 መስከረም 1ኛ ክፍል የገቡ ሁለት ልጆችን እንውሰድ። አንዷ ጥቅምት 2010 ተወልዳለች፣ ሌላው ነሐሴ 2010። በምዝገባ ቅጹ ላይ ሁለቱም 7 ናቸው። በወር ሲቆጠር ግን እሷ 95 ወሯ፣ እሱ 85 ወሩ ነው። የ10 ወሩ ልዩነት ትንሹ ልጅ በዚህ ምድር ከኖረው ጊዜ ከስምንት አንዱን እጅ ያህላል። እነዚሁ ልጆች 6ኛ ክፍል ሲደርሱ ልዩነቱ ያው 10 ወር ነው፤ ከትንሹ ዕድሜ ጋር ሲነጻጸር ግን ከአሥራ አራት አንድ እጅ ብቻ ይሆናል። ስለዚህ የወራት ልዩነት ዋና ጉዳት ያለው ገና ፊደል በሚቆጠርበት ጊዜ ነው፤ መምህሩ ስለ ልጁ የመጀመሪያውን ፍርድ የሚሰጠውም በዚያው ጊዜ ነው።

ልዩነቱ መጀመሪያ የሚታየው በእጅ ላይ ነው። የ1ኛ ክፍል አማርኛ 33ቱን ፊደላት ከነሰባት ድምፃቸው፣ ማለትም 231 ቅርጾችን፣ ማወቅና መጻፍን ይጠይቃል። ካዕብን ከሣልስ፣ ሳድስን ከሳብዕ የሚለየው ትንሽ ጭረት ወይም ቀለበት ነው፤ ያንን በሁለት መስመር መካከል ለማሳረፍ የጣት ጡንቻ መጠንከር አለበት። የ85 ወር ልጅ “ቤት” የሚለውን ቃል አይቶ ማንበብ እየቻለ፣ ከሰሌዳ አምስት መስመር ገልብጦ ለመጨረስ ግን ከትልቋ እጥፍ ጊዜ ሊፈጅ ይችላል። መምህሩ ሰሌዳውን ሲያጠፋ ደብተሩ ግማሽ ነው። በቃል ጽሕፈት ሦስተኛው ቃል ላይ እያለ አምስተኛው ይጠራል። ሲታረም የሚያገኘው ማርክ “አያውቅም” ይላል፤ እውነቱ ግን “አልደረሰበትም” ነው። በሂሳብም እንዲሁ ነው፦ በጠጠር ወይም በቡሽ የሚደምረው ልጅ ቁጥሮቹን ከላይና ከታች አሰልፎ መጻፍ ሲያቅተው አሥሩን ከአንዱ ያቀላቅልና መልሱ ይበላሻል።

ሁለተኛው ቦታ ትኩረት ነው። በ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ ውስጥ ትንሹ ልጅ ቶሎ ይደክማል፣ ይነሣል፣ ጎረቤቱን ይነካካል፤ “ቅብጥብጥ” ይባላል። ይህ ስም የሚያስከትለው ነገር ቀላል አይደለም። በካናዳ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ ክፍለ ግዛት፣ የትምህርት መግቢያ ዕድሜ በዲሴምበር መጨረሻ በሚቆረጥበት፣ በ2012 እ.ኤ.አ. የወጣ ሰፊ ጥናት በዲሴምበር የተወለዱ ወንዶች በጃንዋሪ ከተወለዱ የክፍል ጓደኞቻቸው ይልቅ የትኩረት ማነስ ችግር አለባቸው የመባላቸው ዕድል 30 ከመቶ፣ የሴቶቹ ደግሞ 70 ከመቶ ከፍ ብሎ አግኝቶታል። ልጆቹ የታመሙ ሳይሆኑ ትንንሾች ነበሩ ማለት ነው፤ ቢያንስ አንዳንዶቹ። እኛ ዘንድ የሐኪም ምርመራው ብዙም ባይኖርም ስም ማውጣቱ አለ።

የወራት ልዩነት በውጤት ላይ ያለው ጫና በውጭ አገር በደንብ ተለክቷል። ኬሊ ቤዳርድና ኤሊዛቤት ዱዪ የተባሉ የምጣኔ ሀብት ባለሙያዎች በ2006 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት የበርካታ አገሮችን የሂሳብና የሳይንስ ውጤት መርምረው፣ በ4ኛ ክፍል ከክፍሉ ትንንሽ የሆኑት ልጆች ከትልልቆቹ ከ4 እስከ 12 ፐርሰንታይል፣ በ8ኛ ክፍል ደግሞ ከ2 እስከ 9 ፐርሰንታይል ዝቅ ብለው አግኝተዋቸዋል። መቶ ልጆችን በውጤታቸው ተራ ብናሰልፍ፣ የተወለዱበት ወር ብቻ በ4ኛ ክፍል ከአራት እስከ አሥራ ሁለት ቦታ ወደ ኋላ ይወስዳቸዋል ማለት ነው። ክፍተቱ እየጠበበ ቢሄድም በ8ኛ ክፍል አልጠፋም። የሌላኛው ወገን ማስረጃም ተዘንግቶ እንዳይቀር እንፈልጋለን፦ በኖርዌይ 18 ዓመት ሲሞላቸው የተፈተኑ ወጣቶችን የተከተለ ጥናት፣ ትምህርትን በአንድ ዓመት ዘግይቶ መጀመር በዚያ ዕድሜ የሚሰጠው ጥቅም እንደሌለና አብዛኛው የልጅነት ልዩነት በፈተናው ቀን ከነበራቸው ዕድሜ የመጣ እንደነበር አሳይቷል። ስለዚህ ለወላጆች “ልጃችሁን አንድ ዓመት አቆዩት” አንልም። ልጁ በራሱ ጊዜ ይደርሳል። የሚያስፈራን ከመድረሱ በፊት የምንሰጠው ስም፣ የምናስቀምጥበት ወንበርና የምናስደግመው ክፍል ነው።

እዚህ ላይ ግን ከሁሉ በላይ እንዲነበብልን የምንፈልገው ነገር አለ። የውጭውን ጥናት ወደ እኛ ክፍል ገልብጦ ማምጣት ትልቅ ስሕተት ያስከትላል። በእነዚያ አገሮች አንድ ክፍል ውስጥ ያሉ ልጆች ልዩነት ከ12 ወር ብዙም አያልፍም፤ ትልቅ መሆን ጥቅም ነው። በመርካቶ ዙሪያ፣ በልደታ ወይም በካዛንቺስ ባለ የመንግሥት ትምህርት ቤት 3ኛ ክፍል ውስጥ ግን የ8 ዓመት ልጅና የ13 ዓመት ልጅ አንድ ዴስክ ላይ ይቀመጣሉ። በዚህ ክፍል የዕድሜና የውጤት ዝርዝር ጎን ለጎን ቢደረደር ብዙ ጊዜ ትልልቆቹ ከታች ሆነው ይገኛሉ። ያየ ሰው “እንግዲህ ዕድሜ አይጠቅምም፣ ቶሎ ማስገባት ነው የሚሻለው” ብሎ ይደመድማል። ይህ መደምደሚያ የተሳሳተ ነው።

ምክንያቱም ሁለት ዓይነት የዕድሜ ልዩነት አለ። አንደኛው የልደት ወር ነው፤ ማንም አልመረጠውም፣ ከቤተሰብ ገቢም ጋር ብዙም አይገናኝም። ሁለተኛው የዓመታት ልዩነት ነው፤ ይኸኛው ግን ታሪክ አለው። የ13 ዓመቷ የ3ኛ ክፍል ተማሪ ከገጠር ዘመድ ዘንድ መጥታ ቤት ስትሠራ ቆይታ ይሆናል፤ አንዱ ልጅ ሊስትሮ ሆኖ ጫማ ሲጠርግ ቆይቶ የገባ ይሆናል፤ ሌላው ሁለት ጊዜ የደገመ ነው። ውጤታቸውን ያወረደው ዕድሜያቸው ሳይሆን ዕድሜያቸውን ያስረዘመው ነገር ነው። ሁለቱን በአንድ ቁልል ስንደምራቸው አንዱ ሌላውን ይሸፍናል፦ የትንንሾቹ ችግር በአማካዩ ውስጥ ይጠፋል፣ የትልልቆቹ ችግር ደግሞ “ስንፍና” ይባላል። ከ2002 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አዲስ አበባን ጨምሮ በአገራችን 20 ሥፍራዎች 3,000 ያህል ልጆችን ሲከታተል የቆየው የያንግ ላይቭስ ጥናት እኩያ ልጆች በተለያዩ ክፍሎች ተበትነው መገኘታቸውን አሳይቷል። ስለዚህ በየክፍሉ ያለው የዕድሜ መዘበራረቅ የአንድ መምህር ወይም የአንድ ትምህርት ቤት ጉድለት አይደለም፤ መመዝገብና መታወቅ ያለበት የሁላችን እውነታ ነው።

አሁን ወደ አሠራሩ እንግባ። የወር ስሌቱ ቀላል ነው። ከትምህርት ዓመቱ ላይ የልደት ዓመቱን ቀንሱና በ12 አባዙ፤ ከዚያ የልደት ወሩን ቁጥር (መስከረም 1፣ ጥቅምት 2፣ … ነሐሴ 12) አንድ ቀንሳችሁ ከውጤቱ ላይ አንሱ። ጥር 2011 የተወለደ ልጅ በመስከረም 2018፦ 2018 ሲቀነስ 2011፣ 7፤ በ12 ሲባዛ 84፤ ጥር አምስተኛ ወር ነውና 4 ሲቀነስ 80 ወር። ጳጉሜን ከነሐሴ ጋር ይቆጠር። ቀኑን መቁጠር አያስፈልግም።

ከስሌቱ ይልቅ የሚያስቸግረው የልደት ቀኑን በትክክል ማግኘት ነው። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአዋጅ ቁጥር 760/2004 ተደንግጎ ከሐምሌ 30 ቀን 2008 ጀምሮ በአገር አቀፍ ደረጃ ሥራ ላይ ውሏል፤ ልደት በ90 ቀን ውስጥ መመዝገብ አለበት። በዕድሜያቸው አሁን 1ኛ ክፍል የሚገቡት ሁሉ ከዚያ ወዲህ የተወለዱ ናቸው። ስለዚህ የልደት ምስክር ወረቀት ሲቀርብ የተወለደበትን ቀን ብቻ ሳይሆን የተመዘገበበትንም ቀን ተመልከቱ። ሁለቱ የተቀራረቡ ከሆነ ወረቀቱ አስተማማኝ ነው። ምዝገባው ትምህርት ቤት ሊገባ ሁለት ወር ሲቀረው የተደረገ ከሆነ ግን ቀኑ የወላጅ ቃል ብቻ ሊሆን ስለሚችል ሌላ ማመሳከሪያ ያስፈልጋል።

ጥሩ ማመሳከሪያ የክትባት ካርድ ነው። የመጀመሪያው ፔንታ (አምስት በሽታዎችን የሚከላከለው ክትባት) የሚሰጠው በ6ኛው ሳምንት፣ ቀጣዮቹ በ10ኛውና በ14ኛው፣ የመጀመሪያው የኩፍኝ ክትባት ደግሞ በ9 ወር ነው። ክትባት ሊዘገይ ይችላል፤ ከጊዜው ግን አይቀድምም። ስለዚህ ካርዱ ልጁ ቢያንስ መቼ ተወልዶ እንደነበር ይነግረናል። ወረቀቱ “መስከረም ተወለደ” እያለ ሦስቱ ፔንታዎች በሚያዝያ፣ በግንቦትና በሰኔ በአራት በአራት ሳምንት ልዩነት የተሰጡ ከሆነ፣ ቤተሰቡ ልጁን ቶሎ ለማስገባት ዕድሜ ጨምሮ እንደሆነ በትሕትና መጠየቅ ተገቢ ነው። ለኦርቶዶክስ ቤተሰቦች የክርስትናው ቀንም ይረዳል፦ ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን ስለሚጠመቁ ቀኑን ወደ ኋላ መቁጠር ነው። በሙስሊም ቤተሰቦች አቂቃ በሰባተኛው ቀን ስለሚደረግ እናት ወይም አያት ዕለቱን ከበዓል ጋር አያይዘው ያስታውሱታል፤ ከረመዳን በፊት ወይስ በኋላ፣ ብሎ መጠየቅ ብዙ ጊዜ ወሩን ያወጣል።

በሪከርድ ክፍል በብዛት የሚያጋጥመን ስሕተት የዘመን አቆጣጠር ነው። አንዳንድ ሆስፒታሎችና ክሊኒኮች የልደት ማስረጃን በፈረንጅ አቆጣጠር ይጽፋሉ። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ልዩነቱ 7 ዓመት ነው፤ ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜን 8 ዓመት። ፀሐፊው ለሁሉም 8 ከቀነሰ በኖቬምበር 2017 የተወለደ ልጅ ኅዳር 2010 መሆኑ ቀርቶ ኅዳር 2009 ይሆናል፤ በመስከረም 2018 94 ወር የነበረው 106 ይባላል። ለሁሉም 7 ከቀነሰ ደግሞ በፌብሯሪ 2018 የተወለደችው የካቲት 2011 ተብላ በአንድ ዓመት ታንሳለች፤ በዕድሜዋ መግባት ስትችል ትመለሳለች። በአንድ የብዕር ስሕተት የልጅ አንድ ዓመት ይሄዳል። ሁለቱን ቁጥሮች የያዘ አንድ ትንሽ ወረቀት በየመዝጋቢው ጠረጴዛ ላይ ቢለጠፍ ይበቃል።

ቀኝ እጅን በራስ ላይ አሳልፎ ግራ ጆሮን ማስነካትን በተመለከተ፦ አሁንም አልፎ አልፎ ይደረጋል፤ ይቅር እንላለን። እርሱ የሚያየው የክንድና የጭንቅላት ምጣኔን እንጂ የልደት ቀንን አይደለም። በ2011 ዓ.ም. በተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ከ5 ዓመት በታች ካሉ ልጆች 37 ከመቶው የመቀንጨር ችግር ታይቶባቸዋል፤ በምግብ እጦት የቀነጨረ የ8 ዓመት ልጅ ጆሮው ላይ ሳይደርስ ቀርቶ ይመለሳል፣ ደህና የበላ የ6 ዓመት ልጅ ደርሶ ይገባል። ዘዴው ድሃውን ይቀጣል።

ወሩ ከታወቀ በኋላ ሮስተሩን በአራት መክፈል ነው። ለ1ኛ ክፍል፦ ከ84 ወር በታች ያሉት ቀድመው የገቡ፤ ከ84 እስከ 95 በዕድሜያቸው ያሉ፤ ከ96 እስከ 107 አንድ ዓመት የዘገዩ፤ 108ና ከዚያ በላይ ሁለት ዓመትና ከዚያ በላይ ያለፉ። ለሚቀጥሉት ክፍሎች በየክፍሉ 12 ይጨመር፤ ለ4ኛ ክፍል በዕድሜ ላይ የሚባለው ከ120 እስከ 131 ይሆናል። በዕድሜያቸው ያሉትን እንደገና ለሁለት፣ ከ6 ወር በላይና በታች፣ መክፈል ጠቃሚ ነው፤ የልደት ወር ጫና የሚነበበው እዚያ ብቻ ነውና። ቀድመው የገቡትንና ያለፉትን እዚህ ስሌት ውስጥ መጨመር ከላይ ያልነውን መደበላለቅ መልሶ ያመጣል።

ምን እናነጻጽር? የመምህሩን የሴሚስተር ድምር አይደለም፤ በውስጡ ደብተር አያያዝ፣ የቤት ሥራና ጠባይ አሉበት፣ እነዚህ ሁሉ ለትልልቆቹ ያደላሉ። ሁለት አጫጭር ነገሮች ይበቃሉ። አንደኛው የአንድ ደቂቃ ንባብ፦ ለክፍሉ የሚመጥን 60 ቃላት ያሉት አዲስ ምንባብ ለልጁ ይሰጥና በ60 ሰኮንድ በትክክል ያነበባቸው ቃላት ይቆጠሩ። እጅ ጽሕፈት አይጠይቅም፤ ስለዚህ ለትንሹ ፍትሐዊ ነው። ሁለተኛው በቃል የሚጠየቁ አሥር የሂሳብ ጥያቄዎች። 50 ልጅ ባለበት ክፍል ለአንድ ልጅ ሁለት ደቂቃ ብንይዝ ንባቡ 100 ደቂቃ ነው፤ በቀን አሥር ልጅ፣ በአምስት ቀን ያልቃል። ሌሎቹ ልጆች በዚያች 20 ደቂቃ ጸጥታ ይጻፉ። ምንባቡ ከመማሪያ መጽሐፉ እንዳይወሰድ አደራ፤ በቃል የሸመደዱት ልጆች ሳያነቡ ይወጡታልና። ከአሥር ልጅ በታች ያለው ቡድን አማካይም አይታመን፤ አንድ ልጅ ብቻውን ያዘነብለዋል።

ውጤቱ ሲነበብ ትክክለኛው ጥያቄ “ማን በለጠ?” የሚለው አይደለም። “ይህ ልጅ በዕድሜ ከሚቀራረቡት ልጆች ጋር ሲታይ የት ነው?” የሚለው ነው። በሦስት ወር ከሚበልጡትና ከሚያንሱት ጋር እኩል የሚያነብ የ82 ወር ልጅ ከክፍሉ 38ኛ ቢወጣም ልዩ ትምህርት አያስፈልገውም፤ ጊዜና ትልቅ መስመር ያለው ደብተር ነው የሚያስፈልገው። በተቃራኒው ከክፍሉ 15ኛ የወጣች የ96 ወር ልጅ ከእኩዮቿ በብዙ ወደ ኋላ ከቀረች ቲቶሪያል (የማጠናከሪያ ትምህርት) ውስጥ መግባት ያለባት እሷ ናት፤ በአሁኑ አሠራር ግን ማንም አያያትም።

ስለዚህ በ1ኛ፣ በ2ኛና በ3ኛ ክፍል ሪፖርት ካርድ ላይ ደረጃ መጻፍ ይቅር እንላለን። ወላጆች ደረጃ እንደሚወዱ እናውቃለን፤ በዓመቱ መዝጊያ “ስንተኛ ወጣህ?” የማይል የለም። ነገር ግን በነዚህ ክፍሎች ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ መውጣት በከፊል የልደት ወር ሽልማት ነው። በቦታው ልጁ በደቂቃ ያነበባቸው ቃላት በመጀመሪያውና በሁለተኛው ሴሚስተር ይጻፉ፤ በጥቅምት ወር 8 ቃል ያነብ የነበረው በሰኔ ወር 31 ቃል ደረሰ የሚል ካርድ ለእናቱ ከ“27ኛ” የበለጠ ይነግራታል።

ሞኒተርና የአንድ ለአምስት ቡድን መሪ አመራረጥም እንዲሁ ይታይ። የሚመረጠው ድምፁ የጎላ፣ ደብተሩ የጸዳ፣ ማለትም ትልቁ ነው። መሪ የሆነው ልጅ ሰሌዳ ፊት ይቆማል፣ ያብራራል፣ በዚያው ይማራል፤ ሌሎቹ አራቱ ይሰማሉ። በየአራት ሳምንቱ መሪነቱ ይዙር። ስለ ዕድሜ ምንም ሳይወራ ልዩነቱን የሚያጠብ እርምጃ ይህ ነው። ደብል ለማስመታት (አንድ ክፍል አዘልሎ ለማሳለፍ) በሚታሰብ ጊዜም ከውጤቱ በፊት ወሩ ይታይ፦ 110 ወር የሆነው የ1ኛ ክፍል ልጅ ደብል ቢመታ ወደ እኩዮቹ መጠጋቱ ነው፤ የ86 ወር ልጅ ቢመታ ግን ከእኩዮቹ ነጥለን ትንሹ በሚሆንበት ክፍል እንጥለዋለን።

ቀድመው ስለሚገቡት ልጆች። በግል ትምህርት ቤት በ3 ዓመቱ ነርሰሪ የገባ ልጅ ኤልኬጂና ዩኬጂን ጨርሶ በ6 ዓመቱ 1ኛ ክፍል ደጅ ላይ ይቆማል፤ ወላጅ “ዓመት ሙሉ ምን ያድርግ?” ይላል። በመንግሥት ትምህርት ቤት ደግሞ ምገባው፣ ዩኒፎርሙና ደብተሩ፣ ሁለቱም ወላጅ ሥራ መዋላቸውና ልጅ የሚጠብቅ አለመኖሩ የ5 ዓመት ተኩሉን ልጅ “ሰባት ነው” ያሰኛል። ወላጁን አንወቅስም። መፍትሔው ከበር መመለስ ሳይሆን በዚያው ግቢ በቅድመ አንደኛ ክፍል ቦታ መስጠት ነው፤ ምገባው እዚያም ስላለ ለምግብ ሲባል ዕድሜ የሚጨመርበት ምክንያት ይቀንሳል። የገባ ልጅ ደግሞ በ1ኛ ክፍል መጨረሻ አይደገም። ማስደገም ዕድሜውን ያስተካክላል የሚሉ አሉ፤ ዕድሜውን ያስተካክላል፣ ልጁን ግን “ደጋሚ” ያደርገዋል፣ ያንኑ ትምህርት በዚያው መንገድ ለሁለተኛ ጊዜ ያስተምረዋል። ይለፍ፣ በፊት ወንበር ይቀመጥ፣ ከሰሌዳ የሚገለበጠው በግማሽ ይቀነስለት፣ የቃል መልሱ ይያዝለት።

ከ108 ወር በላይ ሆነው 1ኛ ክፍል ስለሚቀመጡት ዝም ማለት አንችልም፤ ቶሎ የምናጣቸው እነሱን ነው። የ11 ዓመት ልጅ ከ7 ዓመት ልጆች ጋር “ሀ ሁ” እያለ ስድስት ዓመት አይቆይም። ረጅም ስለሆነ ከኋላ ይቀመጣል፤ ከኋላ ስለተቀመጠ አይጠየቅም፤ ስላልተጠየቀ ያልገባው አይታወቅም። ከዚያ ሥራ ይጠራዋል። በአገራችን ከትምህርት ገበታ ውጪ ለነበሩ ከ9 እስከ 14 ዓመት ልጆች የመጀመሪያዎቹን ክፍሎች ትምህርት በ10 ወር ጨምቆ አስተምሮ ወደ 3ኛ ወይም 4ኛ ክፍል የማስገባት የተፋጠነ ትምህርት በተግባር ተሞክሮ ይታወቃል። የሚሠራበት ምክንያት ግልጽ ነው፦ ቁጥራቸው ወደ 25 ዝቅ ያለ ክፍል፣ ረዘም ያለ የትምህርት ቀን፣ በአካባቢ ቁሳቁስ ማስተማር፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ የ11 ዓመት ልጅ የ7 ዓመቱን ትምህርት ለመያዝ ሦስት ዓመት የማይፈልግ መሆኑ። በመሐል ከተማ በእያንዳንዱ ጉድኝት አንድ እንዲህ ያለ ክፍል ይከፈት። በቤት ሠራተኝነት ያሉ ልጃገረዶች ቀን መምጣት ስለማይችሉ ከሰዓት በኋላ ወይም የማታ ፈረቃ ይኑረው።

እስከዚያው በመደበኛ ክፍል ያሉትን በተመለከተ ሦስት ነገር በአስቸኳይ ይደረግ። ቁመታቸው ሰው የሚጋርድ ከሆነ በጎን ረድፍ ፊት ላይ ይቀመጡ፣ ከኋላ አይደለም። ለንባብ ሰዓት በቀን አንድ ክፍለ ጊዜ በክፍል ሳይሆን በንባብ ችሎታ ይመደቡ፤ በሕንድ ፕራታም የተባለው ድርጅት በስፋት የተጠቀመበት ዘዴ ነው፣ ከ3ኛ እስከ 5ኛ ያሉትን አቀላቅሎ ፊደል ላይ ያሉት ከፊደል፣ ቃል ላይ ያሉት ከቃል ይጀምራሉ። ሦስተኛ፣ የ12ና የ13 ዓመት ልጃገረድ በ2ኛ ወይም በ3ኛ ክፍል ካለች የወር አበባ የሚያስፈልጋት ነገር ከላይኛው ክፍል ተማሪዎች እኩል ይድረሳት። የሞዴስ ዕደላና የምክር አገልግሎት በክፍል ሲደለደል እሷ ትዘለላለች፤ በወር ሲቆጠር ግን ስሟ ይገኛል።

በልማት ምክንያት ከፒያሳና ከካዛንቺስ አካባቢ ወደ ዳር የተዛወሩ ቤተሰቦች ልጆች መሸኛ ሲሰጣቸው የወር ዕድሜያቸውና የንባብ ውጤታቸው በመሸኛው ላይ ይጻፍ። ተቀባዩ መምህር ልጁን በቁመቱ እንዳይገምተው።

ሁለት ተቃውሞ እንጠብቃለን። አንዱ “ዕድሜ ሰበብ ይሆናል” የሚለው ነው። እንዳይሆን ወሰን እናስቀምጥ፦ ውጤትን ለመመዘን የወር ስሌቱ እስከ 3ኛ ክፍል መጨረሻ ይሠራል፤ 3ኛ ክፍልን ጨርሶ ቀላል ምንባብ የማያነብ ልጅ 106 ወርም ይሁን 130 ወር እኩል እርዳታ ይገባዋል። ደግሞም የልደት ወር ከነገሮች ሁሉ ትልቁ አይደለም። ቅድመ አንደኛ መማር፣ ቁርስ መብላት፣ ቤት ውስጥ መጽሐፍ መኖሩ ይበልጣሉ። ግን ከነዚህ ሁሉ በአንድ ዓምድ ሊስተካከል የሚችለው ይህ ነው። ሁለተኛው የመምህሩ ጊዜ ነው። የወር ስሌቱ በምዝገባ ጊዜ አንዴ ይሠራል፤ ንባቡ በዓመት ሁለቴ። በምላሹ የሦስት ክፍሎች ደረጃ ማውጣት ስለሚቀር፣ ድምርና አማካይ ሲሰላ የሚባክነው ሰዓት ይመለሳል።

ስለዚህ ቢሮው ከሚመጣው የነሐሴ ምዝገባ በፊት፦ በምዝገባ ቅጹና በሮስተሩ ላይ “ዕድሜ በወር (መስከረም 1)” የሚል ዓምድ እንዲጨምር፤ ለመዝጋቢዎች በልደት ማስረጃ ማመሳከርና በዘመን መለወጥ ላይ የግማሽ ቀን ሥልጠና እንዲሰጥ፤ ከ1ኛ እስከ 3ኛ ክፍል ደረጃ እንዲቀር ሰርኩላር እንዲያወጣ፤ በየጉድኝቱ አንድ የተፋጠነ ክፍል እንዲያስጀምር፤ ከመጀመሪያው ሴሚስተር በኋላም የአራቱን የዕድሜ ቡድኖች የንባብ አማካይ በየትምህርት ቤቱ የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት ስብሰባ ላይ እንዲቀርብ እንዲያደርግ እንጠይቃለን። የስሌት ሰንጠረዡን፣ የዘመን መለወጫ ወረቀቱንና በየክፍሉ የሚሆኑ የ60 ቃላት ምንባቦችን አዘጋጅተን ለማስረከብ ፈቃደኞች ነን፤ በተመረጡ ትምህርት ቤቶች ሙከራው ቢጀመርም መዝጋቢዎቹን ለማሠልጠን እንቆማለን።

ከሰላምታ ጋር
በአራዳ፣ በልደታና በቂርቆስ ክፍለ ከተሞች የምንሠራ የአንደኛ ደረጃ መምህራንና ሱፐርቫይዘሮች
አዲስ አበባ